ጎጆ ሲፈርስ የእርጅና ስንቅ ለማን ይደርሳል?



በኒካሕ ቀን ስለ ፍቺ ማንሳት በአገራችን ነውር ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ መህሩ ተነግሮ፣ ዱዓ ሊደረግ ሲል «ለመሆኑ ብትለያዩ ሀብቱ እንዴት ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ክፉ እንደተመኘ ተቆጥሮ በዐይን ይገሠጻል። ይሁን እንጂ ያን ቀን ያልተነሣው ጥያቄ ለብዙዎች ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ በወረዳ ፍርድ ቤት ይነሣል። ያን ጊዜ ጠያቂው ዳኛ፣ መላሾቹ የተቀያየሙ ባልና ሚስት፣ ምስክሩም የሁለቱ ጎረቤት ይሆናል።

በዛሬው ጽሑፋችን የምንነጋገረው ማን አጠፋ፣ ማን ተበደለ በሚለው ላይ አይደለም። የምንነጋገረው ከፍቺ በኋላ ስለሚቀረው ኑሮ፣ በተለይም ስለ እርጅና ስንቅ ነው። በሃያ ዓመቱ የተፋታ ሰው እንደገና ጎጆ ይቀልሳል፤ በሃምሳ አምስት ዓመቷ የተፈታች እናት ግን ከየት ትጀምራለች?

«ጡረታ» የሚለው ቃል የወጣው «ጦረ» ከሚለው ግስ ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ተብሎ ሲመረቅ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ጡረታ ማለት ከመንግሥት የሚከፈል የወር አበል ብቻ አይደለም። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር ለሚኖር ገበሬ ጡረታው መሬቱ፣ በሬው፣ በጓሮው ያቆመው ባሕር ዛፍና ያሳደገው ልጅ ነው። በነፋስ መውጫ፣ በመካነ ኢየሱስ ወይም በወገዳ ለሚነግድ ሰው ሱቁና ቤቱ ነው። በደብረ ታቦር ለሚያስተምር መምህር ደግሞ በየወሩ ከደመወዙ የሚቆረጠው መዋጮ ነው። ታዲያ ጋብቻ ሲፈርስ ፍርድ ቤት ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን ይከፍላል? የትኛውንስ መክፈል አይችልም?

ሕጉ ትናንትና ዛሬ

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ባል የቤተሰቡ የበላይ ነበር። የጋራ ሀብቱንም በአብዛኛው የሚያስተዳድረው እርሱ ነበር። ፍቺ ሲመጣ ነገሩ በመጀመሪያ የሚታየው በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። እነርሱም ለፍቺው ምክንያት ሆኗል ያሉትን ወገን ከጋራው ሀብት ድርሻውን ሊያሳንሱበት ይችሉ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ይህን አስተሳሰብ ለወጠው። በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የማስተላለፍ፣ በተለይም በመሬት ላይ ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው አረጋገጠ። ይህንኑ ተከትሎ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ወጣ። የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አወጣ።

አዲሶቹ ሕጎች ካመጧቸው ለውጦች ሦስቱን ማንኛውም ቤተሰብ ሊያውቃቸው ይገባል። አንደኛ፣ በእነዚህ ሕጎች ጋብቻን በፍቺ የሚያፈርሰው ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ የሽማግሌዎች ሥራ ማስታረቅ ሆኗል። ሁለተኛ፣ የጋራ ሀብት በመሠረቱ እኩል ለሁለት ይከፈላል። ለፍቺው ጥፋተኛው ማን ነው ተብሎ ድርሻ አይቀነስም፤ በፍቺው ምክንያት ጉዳት የደረሰበት ወገን ግን ፍትሕ የሚጠይቀው ሲሆን ካሳ ሊወሰንለት ይችላል። ሦስተኛ፣ በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት ሁሉ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ሱቁ በባል ስም ፈቃድ ቢወጣበት፣ የባንክ ደብተሩም በእርሱ ስም ቢሆን «የግሌ ነው» የሚለው ወገን ማስረዳት አለበት። የማስረዳቱ ሸክም የወደቀው በካጁ ላይ መሆኑን ብዙ እኅቶች አያውቁትም።

የግል ምንድን ነው? የጋራስ?

ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ከጋብቻም በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዱ ብቻ የደረሰ ንብረት የግል ነው። በጋብቻው ዘመን በሁለቱም ጥረት የተገኘ፣ ወይም በገንዘብ የተገዛ ነገር የጋራ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነጥብ አለ። ሕጉ የግል ንብረት ፍሬንም የጋራ ያደርገዋል። ባል ከአባቱ የወረሰው መሬት የግሉ ነው፤ በጋብቻ ዘመን ከዚያ መሬት የታፈሰው ጤፍና ገብስ ግን የጋራ ነው። ሚስት ከእናቷ ያገኘችው ላም የግሏ ናት፤ የወተቱና የቅቤው ገቢ ግን የቤቱ ነው።

ሌላው ነጥብ፣ ሕጉ ገንዘቡን በእጁ ያስገባው ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ባል አርሶ፣ ነግዶ ወይም ተቀጥሮ ሲያመጣ ሚስት ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ አርማ፣ ፈጭታ፣ ልጅ አሳድጋ ቤቱን አቁማለች። በዚህ መንገድ የተገኘው ሀብት የሁለቱም ድካም ውጤት ተደርጎ ይቆጠራል። ዕዳም እንዲሁ ነው። ለቤቱ ጥቅም የተበደሩት፣ ለምሳሌ ለማዳበሪያ፣ ለልጅ ሕክምና፣ ወይም ዛሬ ጸደይ ባንክ ከሆነው ከቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም የወሰዱት ብድር የሁለቱም ዕዳ ነው። ፈርማ ያልተበደረች ሚስትም ብትሆን ለቤት ከዋለው ዕዳ ነጻ አትሆንም።

እኩል ተከፍሎ እኩል ያልሆነ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከጉና ተራራ ግርጌ የሚኖሩ ባልና ሚስት አሉ እንበል። የተጋቡት በ1985 ዓ.ም. ነው። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ በጋራ አራት ጥማድ ደረሳቸው። ከጊዜ በኋላ ባል ከአባቱ ሁለት ጥማድ ወረሰ፤ በዚያው በወረሰው መሬት ላይም ባለ ቆርቆሮ ቤት ሠሩ። ሁለት በሬ፣ አንዲት ላም፣ ስምንት በግ አላቸው። አሥራ ሁለት ሺህ ብር የማዳበሪያ ዕዳም አለባቸው። ልጆቹ አድገው ከቤት ወጥተዋል። ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረው ከኖሩ በኋላ ተፋቱ።

ፍርድ ቤቱ ምን ያደርጋል? የጋራው አራት ጥማድ ለሁለት ይከፈላል፤ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጥማድ ይደርሳቸዋል። የወረሰው ሁለት ጥማድ የባል ነው። ቤቱ በጋብቻ ዘመን የተሠራ ስለሆነ የጋራ ነው፤ ነገር ግን የቆመው በባል መሬት ላይ በመሆኑ ግምቱ ተሰልቶ ግማሹ በገንዘብ ለሚስት እንዲከፈል ሊወሰን ይችላል። በሬው አንድ አንድ፣ በጉ አራት አራት ይሆናል። ላሚቱ ወይ ለአንዳቸው በግምት ትሰጣለች፣ ወይ ተሸጣ ዋጋዋ ይካፈላል። ከዕዳው ስድስት ስድስት ሺህ ብር ይደርስባቸዋል። ሕጉ የሚለውን አድርጓል፤ ማንም አልተበደለም።

አሁን ዓመቱ ዞሮ አዝመራው ሲደርስ እንመልከት። ባል አራት ጥማድ አለው፤ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር መቀናጆ ገብቶ ራሱ አርሶ የአራቱን ጥማድ ምርት ያስገባል። ሚስት ሁለት ጥማድ አላት። በአካባቢው ልማድ ሴት ሞፈር አትይዝምና መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች። ከምርቱ ግማሹ የአራሹ ነው፤ የእርሷ ድርሻ አንድ ጥማድ ከሚያፈራው አይበልጥም። እንግዲህ በችሎቱ እኩል የተባለው ክፍፍል በጎተራው አራት ለአንድ ሆነ። ቤትም የላትም። የቤቱ ግምት ግማሽ ገንዘብ ካልተከፈላት ደግሞ የምትጠጋው እኅቷ ወይም ልጇ ዘንድ ነው።

ይህን የምናነሣው ሕጉን ለመንቀፍ አይደለም። ዳኛው ማካፈል የሚችለው ንብረትን ነው፤ ጉልበትን፣ ልማድንና ዕድሜን አያካፍልም። ስለዚህ በድርድርም ሆነ በችሎት ጊዜ «ግማሽ አገኘሁ» ብሎ መርካት በቂ አይደለም። የሚሻለው «ያገኘሁት ግማሽ የሚጦረኝ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። በምሳሌያችን ያለችው እናት በበሬው ፋንታ ላሚቱን፣ በቤቱ ግምት ፋንታም የባሕር ዛፍ ድርሻ ወይም ተጨማሪ በግ ብትጠይቅ ኑሮዋ ይቀልላት ይሆናል። ባልና ሚስት ስለ ፍቺው ውጤት በራሳቸው እንዲስማሙ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ፍርድ ቤቱም ስምምነቱ ለሕግና ለሞራል ተቃራኒ አለመሆኑን አይቶ ያጸድቀዋል።

የመሬት ደብተሩ

በገጠር ትልቁ ሀብት መሬት ነው። መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው፤ በፍቺ ጊዜ የሚከፈለውም ይኸው መብት ነው።

የአማራ ክልል ገበሬውን ይዞታ መዝግቦ ደብተር መስጠት ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት በሁለቱም ስም እንዲመዘገብ ተደርጓል፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፍበታል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456ም የጋራ ይዞታ ማረጋገጫ በጋራ ባለይዞታዎቹ ሁሉ ስም እንዲዘጋጅ አዝዞ ነበር። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። በክልሉ ደግሞ ከአዋጅ ቁጥር 133/1998 ቀጥሎ የወጣው አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው።

ደብተሩ ላይ ስሟና ፎቶግራፏ ያለ ሴት ችሎት ስትቀርብ ግማሹ መንገድ ተሄዶላታል። ይሁንና ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነገሮች አሉ። አንዳንዱ በፍቺ ዋዜማ የጋራውን መሬት ለልጁ ወይም ለወንድሙ በስጦታ ላስተላልፍ ይላል። የክልሉ ሕግ ባለይዞታ ለልጁ ወይም ለጦረው ሰው መሬት በስጦታ የሚያስተላልፍበትን መንገድ ከፍቷል፤ የጋራ ይዞታን ግን አንዱ ብቻውን ሊሰጠው አይችልም። ሌላው ደግሞ መሬቱን ለረጅም ዘመን አከራይቶ ገንዘቡን ወስዶ ይጠፋል። ስለዚህ ጠብ የሸተተው ሰው አስቀድሞ ወደ ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄዶ መዝገቡን ቢያይ፣ ክስ ሲመሠረትም ንብረቱ እንዳይሸጥና እንዳይተላለፍ ዕግድ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። በሬና በግ ግን ደብተር የላቸውም፤ በአንድ የገበያ ቀን ሊጠፉ ይችላሉ። ፍርድ ቤት ያላየውንና ያልተመሰከረለትን አይከፍልም።

ያነሰ መሬት ያላቸውም የሚገጥማቸው ችግር አለ። የክልሉ ሕግ ማሳ ከተወሰነ መጠን በታች እንዳይቆራረጥ ይከለክላል። እንዲህ ሲሆን መሬቱን በጋራ መጠቀም ወይም አንዱ ይዞ ሌላውን በሌላ ነገር ማካካስ ይመጣል። ተፋተው በአንድ ማሳ ላይ በየዓመቱ መገናኘት ምን ያህል እንደሚከብድ የቀመሰው ያውቀዋል።

የመንግሥት ሠራተኛው አበል

አሁን ደግሞ ወደ ከተማው እንምጣ። መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ የጡረታ ባለመብቶች ናቸው። በሥራ ላይ ያሉት በ2014 ዓ.ም. የወጡት አዋጆች ናቸው፤ ቁጥር 1267 ለመንግሥት ሠራተኞች፣ ቁጥር 1268 ለግል ድርጅት ሠራተኞች። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣል። የወር ደመወዙ 9 ሺህ ብር የሆነ መምህር በየወሩ 630 ብር ይቆረጥበታል፤ መሥሪያ ቤቱ 990 ብር ይጨምርለታል። በድምሩ 1,620 ብር በወር ለእርጅናው ይቀመጣል ማለት ነው። ያ 630 ብር ከቤቱ አስቤዛ፣ ከልጆቹ ጫማ የተቀነሰ ነው። ሚስትም አብራ ከፍላዋለች።

ነገር ግን ይህ ገንዘብ በሠራተኛው ስም በባንክ እንደተቀመጠ ቁጠባ አይደለም። በአገልግሎት ዘመንና በደመወዝ ላይ ተመሥርቶ በየወሩ የሚከፈል አበል የማግኘት መብት ነው። መብቱም የባለመብቱ ብቻ ነው፤ ለሌላ ሰው ሊያስተላልፈው አይችልም፤ በተራ ዕዳም አይያዝም። ከተፈቀዱት ጥቂት ምክንያቶች አንዱ ቀለብ ነው፤ ፍርድ ቤት ለልጆች ቀለብ ከወሰነ ከአበሉ ሊቆረጥ ይችላል።

ከዚህ የሚከተለውን እንመልከት። በጋብቻው ዘመን እጅ የገባ አበል እንደ ደመወዝ ሁሉ የቤቱ ገቢ ነው፤ በእርሱ የተገዛው ዕቃ፣ የተጠራቀመውም ገንዘብ የጋራ ነው። ከፍቺ በኋላ በየወሩ የሚመጣው አበል ግን ለባለመብቱ ይሄዳል። ባለመብቱ ሲሞት ከአበሉ ግማሹ ለሟች የትዳር ጓደኛ ይከፈላል፤ ይህ የሚደርሰው ግን በሞቱ ጊዜ ትዳር ላይ ላለችው ወይም ላለው ነው። ሃያ አምስት ዓመት አብራ ኖራ የተፈታች ሴት ከዚህ አታገኝም። ሁለት ዓመት የኖረችው ሁለተኛ ሚስት ግን ታገኛለች። በቤተሰብ ሕጋችንም ከፍቺ በኋላ ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ ዘላቂ ቀለብ መክፈል አልተደነገገም፤ ቀለቡ የልጆች ነው።

በሌሎች አገሮች ይህን ለማስተካከል የተለያየ ዘዴ ተደርጓል። ጀርመን ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጋብቻ ዘመን የተገኘን የጡረታ መብት በፍቺ ጊዜ ታካፍላለች። በአሜሪካ ከ1984 ወዲህ ፍርድ ቤት በልዩ ትእዛዝ የግል ድርጅት ሠራተኛን ጡረታ ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ ያካፍላል፤ በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በየመሥሪያ ቤታቸው የሚያጠራቅሙት የጡረታ ቁጠባም በፍቺ ጊዜ ለክርክር ይቀርባል። እንግሊዝም ከ2000 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ ጡረታ የማካፈልን ሥርዓት ተቀብላለች። በእኛ አገር ይህ ዓይነቱ መንገድ በሌለበት ቀሪው መፍትሔ በስምምነት ማካካስ ነው። እርሱ ጡረታውን ይዞ ይሄዳልና ከቤቱ ወይም ከቁጠባው ለእርሷ ከግማሽ በላይ እንዲደርሳት መደራደር ይቻላል። ዳኛው በራሱ አይጨምርላትም፤ ባልየው ግን አላህን ፈርቶ፣ ሽማግሌዎችም አግዘውት ሊስማማ ይችላል።

የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሲመረጥ

ሙስሊም ባለትዳሮች ሌላም በር አላቸው። በአገራችን የቃዲ ፍርድ ቤቶች በሕግ መታወቅ የጀመሩት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነው። ዛሬ የፌዴራሉ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት ነው፤ በአማራ ክልልም የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሉ። መሠረቱ ግን ፈቃድ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ የሚችለው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው ይላል። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአንድ የአዲስ አበባ የውርስ ክርክር ላይ ያለ ተከራካሪዎች ፈቃድ የተሰጠ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይስማማ ወስኗል።

ይህ ፈቃድ ቀላል ነገር አይደለም። በአዋጁ መሠረት አንድ ጊዜ ዳኝነቱን የተቀበለ ሰው ጉዳዩን ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ማዛወር አይችልም። መጥሪያ በሚገባ ደርሶት ሳይቀርብ የቀረም እንደተቀበለ ይቆጠራል። ስለዚህ መጥሪያ የደረሳት እኅት «አልሄድም» ብላ መቅረቷ መቃወም መስሏት እንዳትሳሳት፤ ቀርባ ሐሳቧን መናገር አለባት።

በሁለቱ ፍርድ ቤቶች የሚቀርበው ጥያቄም ይለያያል። በቤተሰብ ሕጉ ንብረት የጋራ እንደሆነ ይገመታል። በፊቅህ መሠረት ግን ጋብቻ ሀብትን አያቀላቅልም፤ የባል የባል፣ የሚስት የሚስት ነው። ሱረቱ-ን-ኒሳእ በቁጥር 32 ወንዶችም ሴቶችም በየድካማቸው ካገኙት ድርሻ እንዳላቸው ያስተምራል። መህሯ ሙሉ በሙሉ የእርሷ ነው፤ ያልተከፈለው ዕዳ ነው። ባል የሰጣትን መልሶ እንዳይወስድ፣ የሰጣት የወርቅ ክምር እንኳ ቢሆን፣ በዚያው ሱራ ቁጥር 20 ተከልክሏል። በዒዳዋ ጊዜ ነፈቃ ይገባታል። ሱረቱ-ል-በቀራህ በቁጥር 241 ለተፈቱ ሴቶች በመልካም ሁኔታ መጥቀሚያ እንዲሰጣቸው ታዝዛለች። በሌላ በኩል በባሏ እጅ ባለው ሀብት ውስጥ ድካሜ አለበት የምትል ሴት በገንዘብ ወይም በሥራ መካፈሏን ማስረዳት ይጠበቅባታል። የሁለቱንም ሚዛን አውቆ መምረጥ የተገባ ነው።

አብራ የደከመችውን የገጠር ሴት ጉዳይ ዑለማዎች አላሰቡበትም ማለት ግን አይደለም። በሞሮኮ ተራሮች በ16ኛው ምዕተ ዓመት የሸፍሻወን ቃዲ የነበሩት አሕመድ ኢብኑ ዐርዱን በማሳ ላይ ከባሏ ጋር የምትለፋ ሴት ከተገኘው ሀብት ድርሻ እንዳላት ፈትዋ በመስጠታቸው ይታወቃሉ። ይህ መብት በአካባቢው «የልፋትና የጥረት ሐቅ» ተብሎ ይጠራል። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የሞሮኮ የቤተሰብ ሕግም የሁለቱን ሀብት ለየብቻ አድርጎ፣ በጋብቻ ዘመን የሚያፈሩትን እንዴት እንደሚካፈሉ በተለየ ሰነድ እንዲዋዋሉ ይፈቅዳል። በኢንዶኔዥያ በ1991 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው የእስልምና ሕግ ስብስብ በፍቺ ጊዜ የጋራ ሀብት፣ በውል ሌላ ካልተባለ፣ ለሁለት እንዲከፈል ደንግጓል። አርማና አጭዳ ጎተራ የሞላች የእስቴ ሴት ጥያቄ እንግዲህ አዲስ ጥያቄ አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ከጋብቻ በፊት መጻፍ ነው። የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻ ውልን ይፈቅዳል፤ በፌዴራሉ ሕግ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ከሙሽራው ወገን ሁለት፣ ከሙሽሪት ወገን ሁለት ምስክሮች ሊፈርሙበት ይገባል። ማን ምን ይዞ እንደገባ፣ መህሩ ስንት እንደሆነ፣ ወደፊት የሚፈራው እንዴት እንደሚከፈል ይጻፍበት። ከጋብቻ በኋላ በባልና በሚስት መካከል የሚደረግ ውል ግን በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ዋጋ የለውምና ጊዜውን ማሳለፍ አይገባም። ሱረቱ-ል-በቀራህ በቁጥር 282 ተራ ብድር እንኳ እንዲጻፍና እንዲመሰከርበት ካዘዘች፣ የዕድሜ ልክ ሸሪካ መጻፉ እንዴት ነውር ይሆናል?

ቀጥሎ፣ ጋብቻውን ማስመዝገብ ነው። ጋብቻው መኖሩን ማስረዳት ያቃታት ሴት ስለ ክፍፍል ከመናገሯ በፊት ሚስት መሆኗን ስትከራከር ጊዜዋ ያልቃል።

ሦስተኛ፣ ደብተሩ የት እንዳለና ምን እንደተጻፈበት ሁለቱም ይወቁ። የመሬት ደብተር፣ የቤት ካርታ፣ የባንክ ደብተር፣ የብድር ወረቀት፣ የዕቁብ መዝገብ ቅጂው በሁለቱም እጅ ቢኖር መተማመንን አያጎድልም።

አራተኛ፣ ሽማግሌዎች ሲያስማሙ የተስማሙበትን በጽሑፍ አድርገው ለፍርድ ቤት ያቅርቡ። በተለይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት በብዙ ወረዳዎች የፍርድ ቤት ሥራ ተስተጓጉሏል። ከስማዳ ተነሥቶ ለይግባኝ ደብረ ታቦር ከፍተኛ ፍርድ ቤት መድረስ በደኅናው ጊዜም ድካም ነበር። በዚህ ጊዜ የሽማግሌ ዋጋ ይጨምራል። ግን በቃል ብቻ የቀረ ስምምነት ምስክሩ ሲሞት አብሮት ይቀበራል። ሽማግሌዎችም «እኩል ይካፈሉ» ብለው ከመነሣታቸው በፊት ከመጪው አዝመራ በኋላ እያንዳንዱ ወገን ምን እንደሚበላና የት እንደሚያድር ይጠይቁ።

በመጨረሻም ለአባቶችና ለወንድሞች አንድ ቃል። ሕጉ የጡረታ አበልህን አልነካብህም፤ ከአባትህ የወረስከውን አልወሰደብህም። ነገር ግን ሱረቱ-ል-በቀራህ በቁጥር 237 ተለያይተው የሚሄዱ ባልና ሚስት በመካከላቸው የነበረውን መልካም ውለታ እንዳይረሱ ታሳስባለች። ፍርድ ቤት ግማሹን ያካፍላል፤ ከዚያ በላይ ያለው ለአንተ ለራስህ የተተወ ነው። ለልጆችህ እናት በእርጅናዋ የምትጠለልበት ጣሪያና የምትጎርሰው እንጀራ መኖሩን አይተህ መለየት ከአንተ ይጠበቃል።

ወላሁ አዕለም።